ከባድ የካምፕ ተሳቢ ለሚጎትት ፒክአፕ ጎማ እንዴት ይመረጣል

«ተሳቢ ልጎትት ነው፤ 10 ፕላይ ጎማ ባስገባ ይበቃኛል?» እዚህ ድሬዳዋ ከጎማ ጋር ስውል ይህን ያህል ደጋግሞ የሚደርሰኝ ጥያቄ የለም። ጠያቂዎቹ እንግዳ ይዘው ወደ ባቢሌና ዳካታ የሚሄዱ አስጎብኚዎች፣ ሳምንት ሙሉ በረሃ የሚያድሩ የመስክ ሠራተኞች፣ አንዳንዴም ድንኳንና ማብሰያቸውን ጭነው ከነቤተሰባቸው የሚወጡ ሰዎች ናቸው። እኔም መልሼ እጠይቃቸዋለሁ፦ ተሳቢው ተያይዞ፣ ውሃው ተሞልቶ፣ ሰዉ ተሳፍሮ የኋላ ጎማችሁ ላይ ስንት ኪሎ ያርፋል? አብዛኞቹ መዝነው አያውቁም። የጎማ ምርጫ ግን ከዚህ ቁጥር ነው የሚጀምረው፤ ፕላይ (የጎማው የጥንካሬ ደረጃ)፣ ጥርስና ዋጋ ከሱ በኋላ ይመጣሉ።

መንገዳችን ስህተትን አይሸከምም። ከድሬ ሐረር 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም፣ ከ1,200 ሜትር ከፍታ ተነስታችሁ የደንገጎን ጠመዝማዛ መውጣት አለባችሁ፤ ስትመለሱ ያንኑ ቁልቁለት ተሳቢው ከኋላ እየገፋችሁ ትወርዱታላችሁ። በዚህ ላይ የድሬ አስፋልት በሚያዝያና በግንቦት ፀሐይ የሚያወጣው ሙቀት አለ። የጎማ ትልቁ ጠላት ሙቀት ነው። ጭነት ሲበዛ ወይም ንፋስ ሲያንስ የጎማው ጎን በየዙሩ ይተጣጠፋል፤ መተጣጠፉ ጎማውን ከውስጥ ያግለዋል፤ የጋለ ጎማ ደግሞ ሽፋኑ ከሽቦው ይላቀቅና ይፈነዳል። ከዚህ በታች ያሉት እርምጃዎች ሁሉ ይህን ሙቀት ለመቀነስ የታሰቡ ናቸው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

• የመኪናው ሊብሬ፣ የአምራቹ መመሪያ መጽሐፍና በሾፌሩ በር ክፈፍ ላይ የተለጠፈው የክብደትና የንፋስ ጽሑፍ
• ሜትርና ካልኩሌተር (የስልካችሁ ይበቃል)
• እስከ 100 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ አሃድ) የሚያነብ የራሳችሁ የንፋስ መለኪያ
• የእጅ ባትሪ፣ የጎማውን ጎንና ውስጡን ለማየት
• ከመኪናው ባትሪ የሚሠራ ትንሽ ኮምፕሬሰር
• የተጫነ መኪና የሚያነሳ ክሪክ፣ የቡሎን መፍቻ፣ ሁለት ታኮ

1. ለጉዞ እንደምትጭኑት ጭናችሁ መዝኑ

ባዶ መኪና መመዘን ምንም አይነግራችሁም። ድንኳኑን፣ ጄኔሬተሩን፣ የጋዝ ሲሊንደሩን፣ ፍሪጁን ጫኑ፤ ነዳጅ ሙሉ፤ ሰዎቹም ይሳፈሩ። በተለይ ውሃውን አትርሱ። በእኛ በረሃ ያለ ውሃ ካምፕ የለም፤ አንድ ሊትር ውሃ ደግሞ አንድ ኪሎ ነው። አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ከነዕቃው ከ20 ኪሎ ያልፋል፤ 10 ጀሪካን ማለት ሦስት ትልልቅ ሰዎች እንደመጫን ነው።

ከዚያ የጭነት መኪና ሚዛን ወዳለበት ፋብሪካ ወይም መጋዘን ሄዳችሁ እንዲመዝኑላችሁ ጠይቁ። አራት ንባብ ያስፈልጋችኋል፦

ሀ. ተሳቢው እንደተያያዘ የፒክአፑ አራቱም ጎማዎች ሚዛኑ ላይ ሆነው፣ የተሳቢው ጎማዎች ከሚዛኑ ውጭ
ለ. ተሳቢው እንደተያያዘ የፊት ሁለቱ ጎማዎች ብቻ
ሐ. ፒክአፑም ተሳቢውም በአንድ ላይ
መ. ተሳቢው ተፈትቶ ፒክአፑ ብቻውን፣ ጭነቱና ሰዎቹ እንዳሉ

«ለ»ን ከ«ሀ» ስትቀንሱ የኋላ አክስል ክብደት፣ ማለትም በኋላ ሁለቱ ጎማዎች ላይ የሚያርፈው፣ ይወጣል። የምትፈልጉት ዋና ቁጥር ይህ ነው። «መ»ን ከ«ሀ» ስትቀንሱ ጋንቾው (ተሳቢው ፒክአፑ ላይ የሚያያዝበት መንጠቆ) ላይ የሚያርፈውን ክብደት ታገኛላችሁ። «መ»ን ከ«ሐ» ስትቀንሱ ደግሞ የተሳቢው ጠቅላላ ክብደት ይወጣል።

ጋንቾው ላይ የሚያርፈው ከተሳቢው ጠቅላላ ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶ መሆን አለበት። ከ10 በታች ከሆነ ተሳቢው በቁልቁለት ላይ እንደ ጅራት መወዛወዝ ይጀምራል፤ የትኛውም ጎማ ይህን አያድንም። ከ15 በላይ ከሆነ የኋላ ጎማችሁ ይጨፈለቃል፣ የፊቱ ይቀልና መሪው ይላላል። ውሃውን ከተሳቢው አክስል በላይ፣ ትንሽ ወደፊት አድርጋችሁ በማስቀመጥ አስተካክሉት። የጋንቾው የራሱ ገደብም መመሪያው ላይ አለ፤ እሱንም አትለፉ።

2. ሚዛን ካላገኛችሁ አስሉ

ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ጋንቾው ከኋላ አክስል ጀርባ ስላለ ክብደቱ እንደ ሚዛን ምሰሶ ይሠራል፤ ፊቱን ያነሳል፣ ኋላውን ደግሞ ካረፈበት ኪሎ በላይ ይጫናል። ስሌቱ ይህ ነው፦ ከኋላ አክስል እስከ ጋንቾው ያለውን ርቀት ከፊት አክስል እስከ ኋላ አክስል ላለው ርቀት አካፍሉ፣ 1 ደምሩበት፣ ውጤቱን በጋንቾው ክብደት አባዙ።

አንድ ምሳሌ ልውሰድ። ተሳቢው ተጭኖ 1,800 ኪሎ፣ ጋንቾው ላይ 12 በመቶ፣ ማለትም 216 ኪሎ። ከፊት አክስል እስከ ኋላ አክስል 3.1 ሜትር፣ ከኋላ አክስል እስከ ጋንቾ 1.2 ሜትር። 1.2 ለ3.1 ሲካፈል 0.39 ገደማ፤ 216 በ1.39 ሲባዛ 300። ስለዚህ 216 ኪሎ ያረፈበት ጋንቾ የኋላ አክስልን በ300 ኪሎ ጫነው፤ ፊቱን ደግሞ በ84 ኪሎ አቀለለው።

አሁን እንደምር። የባዶው መኪና የኋላ አክስል 950፣ ካሶኒው (የኋላ መጫኛው) ላይ 250፣ ከኋላ ወንበር ሰዎች 100፣ ከጋንቾው 300፤ ድምሩ 1,600። ለሁለት ጎማ ሲካፈል እያንዳንዱ 800 ኪሎ ይሸከማል።

በዚህ ላይ እኔ 25 በመቶ እጨምራለሁ። ጭነት በግራና በቀኝ እኩል አይከፈልም፤ በጠመዝማዛ ላይ ደግሞ የውጭው ጎማ የውስጡንም ድርሻ ይሸከማል። 800 በ1.25 ሲባዛ 1,000 ኪሎ። ጎማ ቤት ይዛችሁ የምትሄዱት ቁጥር ይህ ነው።

3. የመኪናውንና የቸርኬውን ገደብ አረጋግጡ

በሩ ላይ ባለው ጽሑፍ ወይም በመመሪያው የኋላ አክስል የሚችለውን ከፍተኛ ክብደት፣ መኪናው ከነጭነቱ ሊመዝን የሚገባውንና የሚጎትተውን ከፍተኛ ክብደት ፈልጉ። የቸርኬውም (ጎማው የሚገባበት ብረት) ገደብ ብዙውን ጊዜ ከጀርባው ተቀርጾ ይገኛል።

ማስጠንቀቂያ፦ ጠንካራ ጎማ የመኪናውን የመሸከም አቅም አይጨምርም። ባሌስትራው፣ ፍሬኑና አክስሉ ያው የነበሩት ናቸው። ከገደቡ ካለፋችሁ ጭነት ቀንሱ፤ ሌላ መንገድ የለም።

4. የጎማውን ጎን አንብቡ

ጎማው ጎን ላይ እንዲህ ያለ ጽሑፍ ታያላችሁ፦ ኤልቲ 265/65 አር 17 120/117 ኤስ። 265 የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። 65 የጎኑ ቁመት ከስፋቱ አንጻር በመቶኛ፣ አር የሽቦው አዘረጋግ ራዲያል መሆኑን፣ 17 የቸርኬውን መጠን በኢንች ያሳያል። መጨረሻ ያለው ፊደል የፍጥነት ጣሪያ ነው፤ ኤስ 180 ኪሎ ሜትር በሰዓት ነው። ተሳቢ ለሚጎትት ሰው የፍጥነቱ ፊደል ከመኪናው መመሪያ እንዳያንስ ማየት ይበቃል።

ወሳኙ 120/117 የሚለው ነው። ይህ የጭነት ኮድ ነው እንጂ ኪሎ አይደለም። የመጀመሪያው ቁጥር ጎማው በአንድ ጎን ለብቻው ሲገባ፣ ሁለተኛው እንደ ጭነት መኪና ጥንድ ሆኖ ሲገባ የሚሸከመው ነው። የእናንተ ፒክአፕ በአንድ ጎን አንድ ጎማ ስላለው የመጀመሪያውን አንብቡ። በኪሎ ሲፈታ፦

108 = 1,000
110 = 1,060
112 = 1,120
115 = 1,215
118 = 1,320
120 = 1,400
121 = 1,450

ከመጠኑ በፊት ወይም በኋላ ያለው ምልክት የጎማውን ዓይነት ይነግራል። «ኤልቲ» ያለበት ለቀላል ጭነት መኪና የተሠራ ነው። ከመጠኑ በኋላ «ሲ» ያለበትም እንዲሁ ለጭነት ነው፤ በብዙ ፒክአፖች ላይ የምታዩት 205 አር 16 ሲ 110/108 ከዚህ ወገን ነው። ሁለቱም ከሌለበት ወይም «ፒ» ከቀደመበት የቤት መኪና ጎማ ነው። የቤት መኪና ጎማ በፒክአፕ ላይ ሲገባ አቅሙ ለ1.1 ተካፍሎ ነው የሚታሰበው፤ ምክንያቱም ፒክአፕ ከቤት መኪና ይበልጥ ይጫናል፣ ይንገላታልም።

ምሳሌያችንን ይዘን እናወዳድር፤ የምንፈልገው 1,000 ነው። ያለ ኤልቲ 265/65 አር 17 ከኮድ 112 ጋር፦ 1,120 ለ1.1 ሲካፈል 1,018። አለፈ ይባላል፣ ግን የተረፈው 18 ኪሎ ብቻ ነው፤ አንድ ጀሪካን እንኳ አይሆንም። 205 አር 16 ሲ፣ ቸርኬው ከተስማማ፣ 1,060 ይሸከማል፤ ይሠራል። ኤልቲ 265/65 አር 17 ከኮድ 120 ጋር 1,400 ይሸከማል። ተሳቢውን በወር አንዴ ወይም ከዚያ በላይ ለሚጎትት ሰው እኔ ይህን የመጨረሻውን እመክራለሁ። በዓመት አንዴ ብቻ ለሚወጣ ሰው ባለ «ሲ»ው በቂ ነው፤ የኤልቲ ጎማ ከባድ ነው፣ ነዳጅ ይጨምራል፣ ባዶ መኪና ላይ ያነጥራል።

ስለ ፕላይም ልበል። 6፣ 8፣ 10 ፕላይ የሚባለው የጥንካሬ ደረጃ ነው፤ ጎማው ውስጥ 10 ንብርብር አለ ማለት አይደለም። በኤልቲ ጎማ ላይ 6 ፕላይ «ሲ»፣ 8 ፕላይ «ዲ»፣ 10 ፕላይ «ኢ» ተብሎ ይጻፋል። (ይህኛው «ሲ» ከመጠኑ ጀርባ ካለው «ሲ» የተለየ ነው፤ አታምታቱት።) ሁለት ጎማዎች 10 ፕላይ ሆነው በመጠናቸው ምክንያት የሚሸከሙት ኪሎ ሊለያይ ይችላል። ስለዚህ የሚታመነው የጭነት ኮዱ ነው።

5. ጥርሱን እንደ መንገዳችሁ ምረጡ

አስፋልት ብቻ ከሆነ የአስፋልት ጎማ ይበቃል፤ አነስተኛ ሙቀት ያመነጫል። አስፋልትም ፒስታም የምትነዱ ከሆነ ለሁለቱም የተሠራውን «ኤቲ» የሚባለውን ውሰዱ። ለአብዛኞቻችሁ ልኩ እሱ ነው። ትልልቅ ጥርስ ያለው የጭቃ ጎማ መልኩ ያምራል እንጂ ከባድ ተሳቢ እየጎተተ አስፋልት ላይ ሲሄድ ጥርሱ ይታጠፋል፣ ይግላል፣ ቶሎም ያልቃል።

6. የተሠራበትን ቀን ፈልጉ

ጎማው ጎን ላይ «ዲኦቲ» ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ ያሉት አራት አኃዞች ቀኑን ይነግራሉ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱ፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ዓመቱ ናቸው። 2318 ማለት በ2018 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው፤ ግን በፈረንጅ አቆጣጠር። እዚህ ላይ ስንት ሰው እንደተሳሳተ አይቻለሁ። «18»ን አይቶ የእኛ 2018 ዓ.ም. መስሎት፣ የዘንድሮ ጎማ ገዛሁ ብሎ ደስ ብሎት የሄደ አለ። የእኛ 2018 የሚጀምረው በፈረንጅ መስከረም 2025 ነው፤ ስለዚህ ያ ጎማ ያኔ ሰባት ዓመት አልፎታል።

ጎማ ሳይነዳም ያረጃል። በድሬ ፀሐይ ደጅ ተደርድሮ የከረመ ደግሞ ከሁሉ ቀድሞ ይደርቃል። አዲስ ስትገዙ ከሁለት ዓመት ያልበለጠውን ምረጡ፤ ስድስት ዓመት ባለፈው ጎማ ከባድ ተሳቢ አትጎትቱ፣ ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም።

7. ከመክፈላችሁ በፊት ጎማውን በእጃችሁ ዳስሱ

በባትሪ እያያችሁ ውስጡንም ውጩንም አዙሩት። ቸርኬው ላይ የሚቀመጠው ከንፈሩ የተጣመመ፣ የተቀደደ ወይም የተጨማደደ ከሆነ ተዉት። ቦታ ለመቆጠብ ጎማ በጎማ ውስጥ ተጠቅጥቆ ሲጓጓዝ ይህ ጉዳት ይደርስበታል፤ ከንፈሩ ከተጎዳ ንፋስ ቀስ እያለ ያመልጣል። ጎኑ ላይ እብጠት ካለ የውስጥ ክሩ ተበጥሷል። ያገለገለ ጎማ ከሆነ ጎኑ ላይ የተለጠፈ ወይም የተደፈነ ነገር ፈልጉ፤ ካለ አትግዙት። ሽፋኑ የታደሰ ጎማ ለዚህ ሥራ አልመክርም።

አራቱንም አንድ ዓይነት፣ አንድ መጠን ግዙ። ገንዘብ ካልበቃ ቢያንስ በአንድ አክስል ላይ ያሉት ሁለቱ አንድ ይሁኑ። ፎር ባይ ፎር ካላችሁ ግን የአራቱም መጠን እኩል መሆን አለበት፤ አለበለዚያ ፎር ባይ ፎሩን ደረቅ መንገድ ላይ ስታስገቡ የፊትና የኋላ ዲፈረንሻል እየተጎታተቱ ጥርሳቸው ይጎዳል።

8. ሲገጠም አጠገቡ ቁሙ

ጎሚስታው አዲስ ቫልቭ እንዲያስገባ ንገሩት። ተራው የላስቲክ ቫልቭ የተሠራው እስከ 65 ፒኤስአይ ነው፤ ከዚያ በላይ የምትሞሉ ከሆነ የብረት ቫልቭ ይግባ። ባላንስና አላይመንት አሠሩ። ቡሎኖቹን በመስቀል ቅደም ተከተል፣ ጎማው መሬት ሲነካ ያጥብቃቸው፤ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከነዳችሁ በኋላ ራሳችሁ እንደገና አጥብቁ፤ ቸርኬው በአዲስ ቦታው ሲደላደል ቡሎን ይላላልና።

ቲዩብለስ (የውስጥ ላስቲክ የሌለው) ጎማ ንፋስ ሲያስቸግር የውስጥ ላስቲክ ማስገባት የተለመደ መፍትሔ ነው። ለተሳቢ ጎታች አይሆንም፤ ላስቲኩና ጎማው እየተፋተጉ ሙቀት ይጨምራሉ፣ ሲበሳም ንፋሱ በአንዴ ይወጣል።

9. ንፋሱን ለጭነቱ ልክ ሙሉ

ከሁሉም በላይ እንድታነብቡት የምፈልገው ይህን ነው። ከዓመታት በፊት ደንገጎን ስወጣ የቀኝ የኋላ ጎማዬ ፈነዳ። ጎማው አዲስ ነበር፣ 10 ፕላይ ነበር። ንፋሱ ግን 35 ፒኤስአይ ብቻ ነበር፤ በሩ ላይ የተጻፈውን አንብቤ ያስሞላሁት። በሩ ላይ ያለው ቁጥር መኪናው ከፋብሪካ ይዞት ለወጣው ጎማ እንጂ እኔ ለለወጥኩት የኤልቲ ጎማ አልነበረም። ጭነት የሚሸከመው የታመቀው ንፋስ ነው፤ የኤልቲ ጎማ ሙሉ አቅሙን የሚያገኘው በከፍተኛ ንፋስ ብቻ ነው።

የጎማው አምራች የሚያወጣውን የጭነትና የንፋስ ሰንጠረዥ ካገኛችሁ እሱን ተከተሉ። ካላገኛችሁ በዚህ አስሉ፦ የምትፈልጉትን ኪሎ ጎማው ለሚችለው ኪሎ አካፍሉ፣ ጎኑ ላይ ለዚያ ጭነት በተጻፈው ንፋስ አባዙ። ኤልቲው 1,400 ኪሎ የሚሸከመው በ80 ፒኤስአይ ነው። 1,000 ለ1,400 ሲካፈል፣ በ80 ሲባዛ፣ 57 ፒኤስአይ ይመጣል። ይህ ስሌት ሰንጠረዡ ከሚሰጠው ትንሽ ከፍ ስለሚል ወደ ደኅንነቱ ያዘነብላል። የፊቱን ጎማ በፊት አክስል ክብደት ለየብቻ አስሉ። መለኪያችሁ በባር ከሆነ 1 ባር 14.5 ፒኤስአይ ነው።

የምትለኩት ጠዋት፣ መኪናው ሌሊቱን ቆሞ፣ ፀሐይ ሳይነካው ነው። የአየሩ ሙቀት በ10 ዲግሪ ሲጨምር ንባቡ 2 ፒኤስአይ ገደማ ይጨምራል፤ ከነዳችሁ በኋላማ ከዚያም በላይ። ድሬ ሞልታችሁ ሐረር ስትደርሱ ከፍታው ንባቡን በ1 ፒኤስአይ ገደማ ከፍ ያደርገዋል፤ ቅዝቃዜው ደግሞ መልሶ ያወርደዋል፤ ስለዚህ እዚያ መነካካት አያስፈልግም።

ማስጠንቀቂያ፦ የጋለ ጎማ ንባቡ ጨመረ ብላችሁ ንፋስ አታስተንፍሱ። ሲቀዘቅዝ ከልክ በታች ይሆናል፤ ለቀጣዩ ፍንዳታ መንገድ ከፈታችሁ ማለት ነው። ንባቡ ከጠዋቱ ከ20 በመቶ በላይ ከጨመረ ግን ጎማው ከአቅሙ በላይ ተጭኗል ወይም መነሻ ንፋሱ አንሷል። አቁሙ፣ ይቀዝቀዝ፣ ከዚያ ጭነት ቀንሱ ወይም ንፋስ ጨምሩ።

10. የመጀመሪያው ጉዞ

አዲስ ጎማ በገባ ዕለት ተሳቢ አትጎትቱ። ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ያለ ተሳቢ ንዱት፤ የአዲስ ጥርስ ለስላሳነት ተሳቢውን ያወዛውዘዋል። ስትጎትቱ ከ80 ኪሎ ሜትር በሰዓት አትለፉ፤ ከአወዳይ የሚበርሩት የጫት መኪኖች ቢቀድሟችሁ ይቅደሙ። ደንገጎን ስትወርዱ ከጫፉ ጀምሮ ማርሽ አሳንሱ፤ ፍሬን ይዞ መውረድ ቸርኬውን ያግላል፣ ሙቀቱም ወደ ጎማው ከንፈር ይተላለፋል። ወርዳችሁ ስታቆሙ የእጃችሁን መዳፍ ወደ እያንዳንዱ ጎማ አስጠጉ፤ አንዱ ከሌሎቹ ተለይቶ ከጋለ የፍሬን ወይም የንፋስ ችግር አለበት።

ደረቅ ወንዝ ውስጥ አሸዋ ከያዛችሁ ንፋሱን እስከ 25 ፒኤስአይ ማውረድ ትችላላችሁ፤ ከ20 ኪሎ ሜትር በሰዓት አትለፉ፣ አስፋልት ሳትነኩም መልሳችሁ ሙሉ። ኮምፕሬሰሩ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ክረምት ከሆነ፣ ላያችሁ ላይ ዝናብ ባይኖርም፣ ደረቅ ወንዝ ውስጥ ቆማችሁ ጎማ አትነካኩ፤ ጎርፉ ከላይ ከተራራው ነው የሚመጣው።

ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

መኪናው ከፍ ብሎ እንዲታይ ትልቅ ጎማ ማስገባት። ጎማው ሲተልቅ ሞተሩ አቀበት ላይ ይደክማል፣ ፍሬኑ ለማቆም ይቸገራል፣ የፍጥነት መለኪያውም አሳንሶ ያነብባል።

የፒክአፑን ጎማ ለውጦ የተሳቢውን መርሳት። ተሳቢው ብዙ ወር ቆሞ ስለሚከርም ጎማው በአንድ ቦታ ይጨፈለቃል፣ በፀሐይ ይሰነጠቃል። ያንኑ ስሌት ለሱም አድርጉ።

ጥርሱ 1.6 ሚሊ ሜትር እስኪደርስ መጠበቅ። በጥርሱ መሀል ያለው ትንሽ ጉብታ ከጥርሱ ጋር እኩል ሲሆን ጎማው አልቋል ማለት ነው፤ ተሳቢ ጎታች ግን 3 ሚሊ ሜትር ላይ ይለውጥ፣ ያለቀ ጎማ በዝናብ ተሳቢ ይዞ አይቆምምና።

ስኮርት (መለዋወጫ) ጎማውን አለማየት። አራቱ ሲለወጡ ስኮርቱ ያው ፋብሪካ የሰጠው አሮጌው ሆኖ ከካሶኒው ሥር ተንጠልጥሎ ይቀራል። አውርዱት፣ ቀኑን አንብቡ፣ የጭነት ኮዱ ከሌሎቹ ጋር መመሳሰሉን እዩ፣ ንፋሱን ከኋላ ጎማዎቹ እኩል ሙሉ። ከዚያ ተሳቢው እንደተጫነ፣ ታኮውን ጎማ ሥር አድርጋችሁ፣ ክሪኩ በትክክል እንደሚያነሳው እዚሁ ሰፈራችሁ ሞክሩት።